ከጨረር በኋላ መዋጥ፦ ጉሮሮን ሥራ ላይ የማቆየት ትምህርት

አባትዎ የጉሮሮ ካንሰር የጨረር ሕክምናቸውን ጨርሰዋል እንበል። ሰባት ሳምንት ያህል ከሰኞ እስከ ዓርብ ከዓለም ባንክ ተነሥታችሁ፣ በአየር ጤናና በጦር ኃይሎች አድርጋችሁ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ተመላልሳችኋል። ጎረቤቱም «እንኳን ለዚህ አበቃችሁ» ብሏል። ሆኖም አባትዎ ገበታ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ከጎረሱ በኋላ እጃቸውን ይሰበስባሉ። ውሃ ሲጠጡ ትን ይላቸዋል፤ የበሉት አንገታቸው ላይ ቆሞ የቀረ ይመስላቸዋል። ሕክምናው ካለቀ በኋላ መብላት ለምን እንዲህ ይከብዳል? ይህ ጽሑፍ ምግቡን ለሚያዘጋጁትና ከአጠገባቸው ለሚቀመጡት ለእርስዎ የተጻፈ ነው። የሕክምና ትምህርት ባይኖርዎትም ግድ የለም። የጉሮሮን አሠራር ደረጃ በደረጃ ከተረዱ፣ ሐኪሙ የሚሰጠው እያንዳንዱ ምክር ከምን እንደመነጨ ራስዎ ያውቁታል፤ ምክንያቱን ያወቁትን ምክር ደግሞ በቀላሉ አይተዉትም።

ዋናውን ሐሳብ ከወዲሁ ላስቀምጥ። መዋጥ የጡንቻ ሥራ ነው። ጨረር ካንሰሩን ሲመታ በዙሪያው ያሉትን ጡንቻዎች፣ የምራቅ ዕጢዎችና ነርቮችም ይነካል፤ ይህ ጉዳት የመጨረሻው ቀጠሮ ሲያልፍ አብሮ አያልፍም። በመሆኑም ጉሮሮ እንዳይደርቅና እንዳይጠነክር በየቀኑ መሥራት አለበት፤ ዋናው ሥራውም ራሱ መዋጥ ነው።

በመጀመሪያ ጤነኛውን ጉሮሮ እንመልከት። ከአፍ በስተ ኋላ፣ ከአፍንጫ የሚመጣው አየርና ከአፍ የሚመጣው ምግብ የሚገናኙበት አንድ ክፍት ቦታ አለ። ከዚህ ቦታ ወደ ታች ሁለት መንገዶች ይወርዳሉ። የፊተኛው ወደ ሳንባ የሚሄደው የአየር ቧንቧ ሲሆን በአናቱ ላይ ማንቁርት ተቀምጧል። የኋለኛው ወደ ጨጓራ የሚሄደው የምግብ ቧንቧ ነው። እዚህ ላይ ልብ የሚሉት ነገር አለ፦ ምግብ ወደ ኋለኛው ቧንቧ ለመግባት በፊተኛው በር ላይ ማለፍ ግድ ይሆንበታል። በሌላው ጊዜ ሁሉ የአየሩ በር ክፍት፣ የምግቡ በር ዝግ ነው። በምንውጥባት ቅጽበት ብቻ የአየሩ በር ይዘጋል፤ የምግቡ ይከፈታል።

ይህን የሚያደርጉት ወደ 30 ጥንድ የሚጠጉ ጡንቻዎች ናቸው፤ ሥራቸውም ቅደም ተከተል አለው። ምላስ የታኘከውን ምግብ ከምራቅ ጋር አዋሕዶ አንድ ላይ ይሰበስበዋል፤ ከዚያ ላንቃን ተጭኖ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ለስላሳው ላንቃ ተነሥቶ ወደ አፍንጫ የሚወስደውን መንገድ ይዘጋል። የድምፅ አውታሮች ይገጥማሉ፤ ትንፋሽም ለቅጽበት ይቆማል። አሁን ጣትዎን በማንቁርትዎ ላይ በቀስታ ያስቀምጡና ምራቅዎን ይዋጡ። ማንቁርቱ ወደ ላይና ወደ ፊት ሲሄድ ይሰማዎታል። ይህ እንቅስቃሴ በአንድ ጊዜ ሁለት ሥራ ይሠራል፦ ኤፒግሎቲስ የሚባለውን ክዳን በአየር መንገዱ ላይ ያስተኛዋል፤ በምግብ ቧንቧው አፍ ላይ ያለውን ቀለበት መሰል ጡንቻም ስቦ ይከፍተዋል። በዚያው ቅጽበት የምላስ ሥርና የጉሮሮ ግድግዳ ተጨማድደው ምግቡን ቁልቁል ይገፉታል። በጉሮሮ ውስጥ የሚሆነው ይህ ሁሉ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያልቃል።

ከዚህ ሥርዓት ምን ሊጓደል እንደሚችል አሁን መገመት ይችላሉ። በሩ ከዘገየ ውሃው ቀድሞ ወደ አየር ቧንቧ ይገባል። ማንቁርቱ በሚገባ ካልተነሣ ክዳኑ በቅጡ አይተኛም፤ የምግብ ቧንቧውም ጠብቦ ይከፈታል። ግፊቱ ከደከመ ደግሞ የምግቡ ከፊል ጉሮሮ ውስጥ ይቀራል፤ ሰውየው ዋጥሁ ብሎ ትንፋሹን ሲስብ ያ ትርፍ ወደ ሳንባ ሊወርድ ይችላል። ከጨረር በኋላ ሦስቱም ችግሮች ይታያሉ፤ በተለይ ሦስተኛው፣ የትርፉ ነገር፣ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ይህን ይያዙልኝ፤ ምግብ ስንመርጥ እንመለስበታለን።

ቀጥሎ ጨረሩ ራሱ ምን እንደሚሠራ እንይ። ጨረር በሕዋስ ውስጥ ያለውን ዲኤንኤ ይሰብራል። ሕዋሱ የተሰበረውን ካልጠገነ፣ ለመባዛት ሲሞክር ይሞታል። ጤነኛ ሕዋስ ከካንሰር ሕዋስ ይልቅ የመጠገን አቅም አለው። ሕክምናው በትናንሽ መጠን ተከፋፍሎ የሚሰጠው ለዚህ ነው፤ በሁለት ቀጠሮዎች መካከል ጤነኛው እንዲያገግም ጊዜ ይሰጠዋል። የጨረር መጠን የሚለካው ግሬይ በሚባል መለኪያ ነው። ለጉሮሮ ካንሰር የተለመደው 70 ግሬይ ሲሆን፣ በየቀኑ 2 ግሬይ እየተደረገ በ35 ቀጠሮ ይሰጣል። የዚያ ሁሉ ምልልስ ምክንያት ይህ ነው። ሲስፕላቲን የተባለው የኬሞ መድኃኒት አብሮ ሲሰጥ ጨረሩ በካንሰሩ ላይ ይበረታል፤ በጉሮሮው ላይ የሚያደርሰው ጉዳትም አብሮ ይጨምራል።

እግረ መንገዴን አንድ ስጋት ላንሣ። ከውጭ በማሽን የሚሰጥ ጨረር በታማሚው ገላ ውስጥ አይቀመጥም። አባትዎ ከክፍሉ ሲወጡ ጨረር ይዘው አይወጡም፤ ካንሰሩም በትንፋሽ ወይም በምራቅ ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም። የልጅ ልጆቻቸውን ቢያቅፉ፣ ከቤተሰቡ ጋር ከአንድ መሶብ ቢበሉ ማንንም አይጎዱም። ይህን ለጎረቤትም ለዘመድም ይንገሩ፤ ለብቻው የሚበላ ሰው ምግቡ ይቀንስበታልና።

ጉዳቱ ሁለት ጊዜ አለው፤ የሚመጣበት ፍጥነት የሚለያየው ሕዋሳቱ በሚታደሱበት ፍጥነት ነው። የአፍና የጉሮሮ ውስጠኛ ሽፋን በፍጥነት የሚታደስ ስለሆነ ጉዳቱ ቶሎ ይታይበታል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ሽፋኑ ይቀላል፣ ይላጣል፣ ያቃጥላል። ይህ ቁስለት ጨረሩ ካለቀ በኋላ ባሉት ሳምንታት ቀስ እያለ ይድናል። ጡንቻ፣ የደም ሥርና ነርቭ ግን በዝግታ የሚታደሱ ናቸው፤ የእነሱም ጉዳት በዝግታ ይገለጣል። ሰውነት የተጎዳውን ሲጠግን በጡንቻው መካከል ጠንካራ የጠባሳ ጅማት ይሠራል። ይህ ጠባሳ ከወራት በኋላ ይጀምርና ለዓመታት ሊቀጥል ይችላል። አንገት ሲዳሰስ ጠንከር ያለው ለዚህ ነው። አንዳንዶች ደህና ሲውጡ ቆይተው ሕክምናው ካለቀ ከአምስት ዓመትና ከዚያም በላይ በኋላ መዋጥ የሚከብዳቸው፣ ምላሳቸውን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭም የሚደክምባቸው፣ ከዚሁ የተነሣ ነው። በዚህ ላይ መዘንጋት የሌለበት ነገር አለ፦ ከጊዜ በኋላ አዲስ የመጣ የመዋጥ ችግር የካንሰሩ መመለስም ሊሆን ስለሚችል፣ በግምት ሳይታለፍ በሐኪም መታየት አለበት።

የጉዳቱ መጠን ጨረሩ ባለፈበት ቦታ ይወሰናል። በአገራችን የጨረር ሕክምና በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በኮባልት 60 ማሽን ተጀምሮ፣ ለብዙ ዓመታት ያ ማዕከል ብቸኛው ሆኖ ቆይቷል። በኮባልት ማሽን የሚሰጠው የቀድሞው አሠራር ሰፊ ቦታን ስለሚሸፍን፣ ከጆሮ በታች ያሉት ትልልቆቹ የምራቅ ዕጢዎችና የመዋጫ ጡንቻዎች ከካንሰሩ ጋር አብረው ይመታሉ። ሊኒየር አክስለሬተር የሚባሉት አዳዲስ ማሽኖች፣ ተገቢው ዕቅድ ሲወጣላቸው፣ ጨረሩን በካንሰሩ ቅርጽ ልክ መቅረጽ ያስችላሉ። በብሪታንያና በአየርላንድ በ112 ታማሚዎች ላይ ተደርጎ በ2023 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት፣ የመዋጫ ጡንቻዎችን ሆን ብሎ የሚያድን ዕቅድ ከአንድ ዓመት በኋላ የተሻለ መዋጥ እንደሚያስገኝ አሳይቷል። ስለዚህ ሕክምናው ገና ያልተጀመረለት ሰው ካለ «የምራቅ ዕጢዎቹንና የመዋጫ ጡንቻዎቹን ማትረፍ ይቻላል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። መልሱ እንደ ካንሰሩ ቦታና ስፋት ይለያያል፤ ካንሰሩን ማጥፋት ሁልጊዜ ይቀድማልና።

ምራቅን ለብቻው ማየት ያስፈልጋል። ጤነኛ ሰው በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ተኩል ምራቅ ያመነጫል። ምራቅ ደረቁን ምግብ ያርሳል፣ የታኘከውን አንድ ላይ ያያይዛል፣ ጣዕምን አሟሙቶ ወደ ምላስ ያደርሳል፣ ጥርስን ከአሲድ ይጠብቃል፣ የአፍ ተሕዋስያንንም ይቆጣጠራል። ዕጢዎቹ ሲመቱ ምራቁ ያንሳል፤ የቀረውም ይወፍራል፣ ይለጠልጣል። የአባትዎ እንጀራ ላንቃ ላይ የሚጣበቀው፣ ሌሊት ለውሃ የሚነሡት፣ ምግቡ ሁሉ አንድ ዓይነት የሚሆንባቸው በዚህ ምክንያት ነው። በበጋው ደረቅና አቧራማ አየር ችግሩ ይብሳል። በእጅ የውሃ ጠርሙስ መያዝ፣ ቶሎ ቶሎ በትንሹ መጎንጨት፣ በአፍንጫ መተንፈስን መልመድ ይረዳል።

ምራቅ ሲያንስ የሚመጣው ሌላው አደጋ ከሳንባ ጋር የተያያዘ ነው። ወደ ሳንባ የወረደ ትንሽ ንጹሕ ውሃ ብዙ ጊዜ ጉዳት ሳያደርስ በሰውነት ይመጠጣል። ሳንባን የሚያቆስለው በይበልጥ ከውሃው ጋር አብሮ የሚወርደው የአፍ ተሕዋስያን ብዛት ነው። ስለዚህ አፍን ማጽዳት የሳንባ ምች መከላከያ ነው ማለት ነው። ከመብላት በፊትና በኋላ፣ በተለይ ከመኝታ በፊት፣ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽና ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና ይጠቀሙ። ድዱ በቆሰለበት ጊዜ መፋቂያ ይወጋልና ይቆይ። በአንድ ሊትር ለብ ያለ ንጹሕ ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጦ በቀን ብዙ ጊዜ መጉመጥመጥ ወፍራሙን ምራቅ ያላላል። አልኮል ያለበት የአፍ መጉመጥመጫ ግን ያደርቃል።

ከሁሉም በላይ ልብ ሊሉት የሚገባው ትንታን ነው። ትን ሲለን የምናስለው፣ ማንቁርት ውስጥ ያሉ የስሜት ነርቮች ባዕድ ነገር መግባቱን አውቀው አንጎልን ስለሚያስጠነቅቁ ነው። ሳል የደጅ ዘበኛ ነው ማለት ይቻላል። ጨረር እነዚህን ነርቮች ሊያደነዝዝ ይችላል። ያን ጊዜ ምግብም ውሃም ወደ አየር ቧንቧ ይገባል፤ ሳል ግን አይመጣም። ባለሙያዎች ይህን ድምፅ አልባ ትንታ ይሉታል። ስለዚህ አለማሳላቸው ብቻውን ምግቡ በትክክል ለመውረዱ ማረጋገጫ አይሆንም። ሌሎች ምልክቶችን ይመልከቱ፦ ከጠጡ በኋላ ድምፃቸው ውሃ እንደያዘ ይሆናል፤ ገበታው ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ አንዱን ጉርሻ ለመዋጥ ሦስት አራት ጊዜ ይሞክራሉ፤ ደጋግሞ ትኩሳት ይመጣል። ይህን ትኩሳትና አክታ «ጉንፋን ነው» ብሎ ማለፍ፣ ወይም የሳንባ ነቀርሳ ብቻ ነው ብሎ መደምደም በቀላሉ የሚፈጸም ስህተት ነው። በጤና ጣቢያም ሆነ በዘነበወርቅ በኩል ባለው አለርት ሆስፒታል ሲታዩ «አንገታቸው ላይ ጨረር ወስደዋል፤ ሲውጡም ይቸገራሉ» ብለው ይንገሩ። ያ አንድ ዓረፍተ ነገር የሐኪሙን ምርመራ ሊቀይር ይችላል።

በውጭ የማይታየውን ለማየት ሁለት ምርመራዎች አሉ። አንደኛው ታማሚው ባሪየም የተቀላቀለበት ምግብና መጠጥ ሲውጥ በራጅ እየቀረጹ መመልከት ነው። ባሪየም በራጅ ላይ ጎልቶ ስለሚታይ በየት እንደሄደና የት እንደቀረ ይለያል። ሁለተኛው የአንገት በላይ ሐኪም ቀጭን ካሜራ በአፍንጫ አስገብቶ ጉሮሮን ከላይ የሚያይበት ነው። የመዋጥ ችግርን የሚያክሙ የንግግርና የመዋጥ ሕክምና ባለሙያዎች በአገራችን ቁጥራቸው ጥቂት ነው። ቢሆንም በክትትል ቀጠሮ ላይ «አዋዋጣቸው እንዲመረመር ወደ አንገት በላይ ሐኪም ይላኩልን» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ቀጥሎ የምነግርዎት ምክር ከዚህ ምርመራ ጋር ሲሄድ ይበልጥ ይጠቅማል።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ ደረስን። ከእርድ የወጣ ቆዳ ሳይለፋ ከተጣለ ደርቆ እንደታጠፈ ይቀራል፤ እየራሰና እየታሸ ከለፋ ግን ለስልሶ ለአገልግሎት ይበቃል። የጨረር ጠባሳም ጠባዩ ይህን ይመስላል፤ በሚሠራ ጡንቻ ላይ ሲሆን መላላትን ይይዛል፣ በማይሠራው ላይ ሲሆን ይጠነክራል። በሂውስተን የሚገኘው ኤምዲ አንደርሰን የካንሰር ማዕከል ባለሙያዎች በ2013 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙት ጥናት 497 የጉሮሮ ካንሰር ታማሚዎችን ተከታትሏል። በሕክምናው ወቅት በአፋቸው መብላትን ያላቋረጡና የመዋጥ ልምምድ የሠሩት፣ ከሁለቱ አንዱንም ካላደረጉት ይልቅ በኋላ የተሻለ ይበሉ ነበር። የበረታ ሰው አስቀድሞም ብዙ መብላት ይችል ስለነበር ልዩነቱን በሙሉ ልምምዱ አመጣው ማለት አይቻልም። ሆኖም ጉሮሮን ሙሉ በሙሉ ማሳረፍ እንደሚያዳክመው በዘርፉ ያሉ ባለሙያዎች በሰፊው ይስማሙበታል።

ልምምዶቹን ከተማሩት አሠራር ጋር ያገናኟቸው። የመጀመሪያው የጉልበት መዋጥ ነው፦ ምራቅን ወይም ትንሽ ውሃን፣ ትልቅ ነገር እንደሚውጡ አድርጎ፣ የአፍና የጉሮሮን ጡንቻ ሁሉ ጨምቆ መዋጥ። ይህ የምላስ ሥርን ግፊት ያጠነክራል፤ ትርፉንም ይቀንሳል። ሁለተኛው ማንቁርትን ማቆየት ነው፦ ሲውጡ ማንቁርቱ ከፍ ባለበት ለሁለት ሦስት ሰከንድ ይዞ ማቆየት። ይህ የምግብ ቧንቧው በር ረዘም ላለ ጊዜ እንዲከፈት ያደርጋል። ሦስተኛው የምላስን ጫፍ በጥርስ መካከል በቀስታ ይዞ ምራቅ መዋጥ ነው፤ ምላስ ሲያዝ የጉሮሮ የኋላ ግድግዳ ወደ ፊት መምጣትን ይለማመዳል። ይህኛው በባዶ አፍ ብቻ ይሠራል፤ ምግብ ወይም ውሃ ይዞ መሞከር አደገኛ ነው። አራተኛው በጀርባ ተንጋልሎ፣ ትከሻ ሳይነሣ፣ ራስን ብቻ ቀና አድርጎ የእግርን ጣቶች ማየት ነው፤ ማንቁርትን የሚያነሡትን ጡንቻዎች ይገነባል። የአንገት ሕመም ወይም በአንገት ላይ የመተንፈሻ ቀዳዳ ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይሥራው። ስንት ጊዜ መሠራት እንዳለበት ባለሙያው ይወስናል፤ እርስዎ የሚረዱት ሳይቋረጥ እንዲሠራ ነው።

መንጋጋም ይጠነክራል። አባትዎ ሦስት ጣቶቻቸውን ጎን ለጎን አቁመው በላይና በታች የፊት ጥርሶች መካከል ማስገባት መቻል አለባቸው። ያ ካልሆነ፣ ወይም አፍ ሲከፈት ስፋቱ ከ35 ሚሊ ሜትር ካነሰ፣ የመንጋጋ መያዝ ጀምሯል ይባላል። በቀን ብዙ ጊዜ አፍን እስከሚችሉት ድረስ ከፍቶ መቆየት በጊዜ ከተጀመረ ይረዳል። ከዚህ ጋር የተያያዘ ማስጠንቀቂያ አለ፦ ጨረር የወሰደ የመንጋጋ አጥንት የደም ዝውውሩ ስለሚቀንስ ቁስሉ ቶሎ አይድንም። ጥርስ የሚነቀል ከሆነ ከጨረሩ በፊት፣ ድዱ እንዲድን ሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ ተሰጥቶት ቢሆን ይመረጣል። ከጨረሩ በኋላ ጥርስ ቢታመም ወደ ሰፈር ክሊኒክ ሄዶ ወዲያው ከማስነቀል በፊት የጨረሩን ሕክምና ለጥርስ ሐኪሙ መንገር ግድ ነው።

አሁን ወደ ምድጃው እንሂድ፤ ቀደም ሲል ይያዙልኝ ያልኩትን ትርፍም እናስታውስ። ቀጭን ፈሳሽ ፈጣን ስለሆነ በሩ ከመዘጋቱ በፊት ይደርሳል። ወፍራምና የሚጣበቅ ነገር ደግሞ ብዙ ግፊት ይጠይቃል፤ ግፊቱ ከሌለ ይቀራል። ስለዚህ «ሁሉንም ማወፈር ነው» የሚለው ምክር ከጨረር በኋላ ለሁሉም አይሠራም። ለአንዱ ወፈር ያለ አጥሚት ይስማማዋል፤ ለሌላው ያው አጥሚት ጉሮሮው ላይ ተለጥፎ ይቀራል። የትኛው እንደሚሻል ምርመራው ይነግራል። ውፍረቱ ከተወሰነ በኋላ በየቀኑ አንድ ዓይነት እንዲሆን ቀላል መለኪያ አለ። በ0 እና በ10 ምልክቱ መካከል ያለው ርዝመት 61.5 ሚሊ ሜትር የሆነ የ10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ይውሰዱ፤ መግፊያውን ያውጡ፤ ጫፉን በጣት ዘግተው እስከ 10 ይሙሉ፤ ከዚያ ለ10 ሰከንድ ይልቀቁት። ከ1 እስከ 4 ሚሊ ሊትር ከቀረ በጣም በትንሹ ወፍሯል፤ ከ4 እስከ 8 ከቀረ በመጠኑ ወፍሯል፤ ከ8 በላይ ከቀረ ወፍራም ነው። ይህ በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚሠራበት መለኪያ ነው።

በእኛ ማዕድ ላይ ብዙ የሚስማማ ነገር አለ። ቀጠን ብሎ የተሠራና ጉርብጥብጥ የሌለው ሽሮ፣ የተፈጨ የምስር ወይም የክክ አልጫ፣ በደንብ የበሰለ ዱባና ድንች፣ እርጎ፣ የተመታ አቮካዶ፣ የተጣራ የተልባ ውሃ በቀላሉ ያልፋሉ። እንጀራው መረቅ እስኪጠጣ ርሶ ፍትፍት ይሁን፤ ደረቁ ጠርዝ ይወገድ። ሽፋኑ በቆሰለበት ጊዜ የእንጀራው ኮምጣጣነት፣ በርበሬው፣ ሚጥሚጣውና ሎሚው ያቃጥላሉ፤ ሲድን በትንሽ በትንሹ ይመለሳሉ። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ደረቅ ዳቦ፣ የሚበታተን ሩዝ፣ ጭራማ ጎመንና ያልደቀቀ ጥብስ ለቆይታ ይተው። ገንፎ ለስላሳ ቢመስልም ይጣበቃል፤ ቅቤውና እርጎው በዝቶ ካልላላ ለደረቀ አፍ ከባድ ነው። ቁርጥራጭ ያለበት ሾርባም ያስቸግራል፤ ቁርጥራጩ ገና ሲታኘክ ፈሳሹ ቀድሞ ይወርዳልና። የሚበላው ትንሽ ስለሆነ ትንሹ ጉልበት የሞላበት ይሁን፦ ቅቤ፣ ዘይት፣ ወተት፣ የለውዝ ቅቤ ይጨመርበት።

አበላሉ ከምግቡ እኩል ይመዝናል። ቀጥ ብለው ይቀመጡ፤ ከበሉም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል አይተኙ። ትንሽ ይጉረሱ፣ ይዋጡ፣ በባዶው ደግመው ይዋጡ፣ ባለሙያው ከፈቀደ በትንሽ ውሃ ያጥቡት፣ ከዚያ ቀጣዩን ይጉረሱ። ለአንዳንዶች ትንፋሽን ይዞ መዋጥ፣ ወዲያው ሳል ማለት፣ እንደገና መዋጥ ይታዘዝላቸዋል፤ ሳሉ ትርፉን ከበሩ ላይ ያነሣዋል። ጉርሻ የፍቅር መግለጫችን ነው፤ በዚህ ገበታ ላይ ግን መጠኑንና ጊዜውን እሳቸው ይወስኑ። ማጉረስ የፈለገ ሰው የእሳቸው ጉርሻ በሚያክል ልክ፣ የፊተኛው መዋጡን አይቶ ያጉርስ። አፋቸው ምግብ በያዘበት ጊዜ ጥያቄ መጠየቅና ማሳቅ ይቅር። ጠበል የሚጠጡ ከሆነ ጠበሉም ቀጭን ውሃ መሆኑን ያስታውሱ፤ ተቀምጠው፣ በትንሽ በትንሹ፣ እየዋጡ ይጠጡት፤ በብዛት በአንድ ትንፋሽ መጠጣት አደጋ አለው። ስለ ጾም ከነፍስ አባታቸው ጋር ይነጋገሩ፤ ሙስሊም ከሆኑም እንዲሁ ሃይማኖታቸው ለታመመ ሰው የሰጠው ፈቃድ አለ።

በሳምንት አንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ሚዛን፣ ክብደታቸውን ይመዝግቡ። በአንድ ወር ውስጥ ከመቶ አምስት፣ ማለትም 60 ኪሎ ከነበሩ 3 ኪሎ ከቀነሱ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሐኪም ይሂዱ። መፍትሔው የመመገቢያ ቱቦ ሊሆን ይችላል፤ በአፍንጫ በኩል ወይም በሆድ ግድግዳ በኩል ወደ ጨጓራ ይገባል። ቱቦው ሰውነትን ለማቆየት የሚሠራ መሣሪያ እንጂ የሽንፈት ምልክት አይደለም። ሐኪሙ ከፈቀደ ግን ቱቦ እያለም በትንሹም ቢሆን መዋጥ ይቀጥል። የምግብ ቧንቧው አፍ በጠባሳ ከጠበበም በሆስፒታል ማስፋት ይቻላል። በተጨማሪ በአንገት ላይ ያለው የእንቅርት ዕጢ በጨረር ሊደክም ስለሚችል፣ በየስድስት ወሩ ወይም በየዓመቱ በደም ይመርመር። ድካም፣ ብርድ አለመቻልና የድምፅ መወፈር ከዚያ ሊመጣ ይችላል፤ በክኒን ይታከማል።

ከዚህ ሁሉ አንድ ሥራ ይወጣል። ለሚቀጥለው ቀጠሮ በወረቀት ላይ ይህን ይዘው ይሂዱ፦ የሳምንቱ ክብደት፣ አንዱ ገበታ የሚፈጀው ደቂቃ፣ የሚያስላቸው ምግብ ዝርዝር፣ የአፋቸው ስፋት በጣት፣ ትኩሳት የመጣባቸው ቀናት። በዚያ ወረቀት ሐኪሙ በአምስት ደቂቃ ቆይታ ሊያየው የማይችለውን የአንድ ወር ሁኔታ ያያል። በቤት ደግሞ ሐኪሙ የፈቀደውን ልምምድ ከቁርስ፣ ከምሳና ከእራት ጋር አያይዘው በቀን ሦስት ጊዜ ያሠሯቸው፤ ከገበታ ጋር የተያያዘ ነገር አይረሳምና። ዛሬ በአንድ ጊዜ የሚለወጥ ነገር የለም፤ ጠባሳው በዓመታት እንደሚሠራ ሁሉ ጥበቃውም በዓመታት ይለካል። የቤተሰቡ ድርሻ በዚህ ላይ ከማንም ይበልጣል፤ በየቀኑ ከአጠገባቸው ተቀምጦ አዋዋጣቸውን የሚያየው እርስዎ ነዎትና።